ፎቶ አንሺው እናቴ ቤት የገባ ዕለት

ሁለት ሺህ አሥራ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ ጥቅምት ላይ ነበር። ክረምቱ ወጥቷል፤ ገብሱ ቢጫ መሆን ጀምሯል፤ ጠዋት ጠዋት ብርዱ ጆሮ ይቆነጥጣል። የጽጌን ጾም ይዣለሁ። የዓመት ፈቃዴን ያገኘሁት ያን ጊዜ ነው።

የምኖረውና የምሠራው እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ነው። ተወልጄ ያደግሁት ግን ታች ጋይንት፣ ከአርብ ገበያ ወጣ ብሎ ባለ መንደር ነው። እናቴ አሁንም እዚያው ናት። ፈቃድ ባገኘሁ ቁጥር የማደርገው አንድ ነገር ነበር፤ በደብረ ታቦር ዞሬ፣ ንፋስ መውጫ አድሬ፣ እናቴ ዘንድ ሄጄ፣ ቤቷን ለቅልቄ እህሏን አበጥሬ መመለስ።

ባሕር ዳር የሚሠራው ልጄ ይህ አልተዋጠለትም።

«ፈቃድ ማለት እረፍት ነው» አለኝ በስልክ። «አንድ ጊዜ እንኳ እንደ ጎብኚ አገርሽን እዪው።»

«አገሬን አውቀዋለሁ።»

«ታውቂዋለሽ፤ ግን አላየሽውም። ተሸክመሽ ነው ያለፍሽበት።»

እውነቱን ነው። ያን ሁሉ ገደል የማውቀው እንስራ ወይም እንጨት አዝዬ፣ እግሬ የሚረግጠውን እያየሁ ነው።

ልጄ ነገሩን ጨርሶት ነበር። ንፋስ መውጫ ውስጥ የራሱ መኪና ያለው ፎቶ አንሺ ፈልጎ ተስማምቷል። ሰውየው ከኔ ጋር እየዞረ ያነሣኛል፤ መጀመሪያ የላይ ጋይንትን አገር፣ ቀጥሎ እናቴ ዘንድ፣ ከዚያ ደግሞ አይቼው የማላውቀውን ስማዳን።

«ለኔ ፎቶ አንሺ ምን ያደርግልኛል?» አልሁት።

«ከሰርግሽ ወዲህ ያለሽ የመታወቂያ ፎቶ ብቻ ነው። እሱ ላይ ደግሞ ከሰው የተጣላሽ ትመስያለሽ።»

ሳቅሁ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ አልሁት። እንዲህ የሚያስብ ልጅ የሰጠኝን አምላክም አመሰገንሁ። የለመንሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከእናቴ ጋር አብረን እንድንነሣ። አብረን የተነሣነው ፎቶ የለንም።

እናቴ ነሐሴ ላይ ሆዷን ታማ ነበር። ደብረ ታቦር ሐኪም ቤት ወስጄ አስመረመርኋት። ጨጓራ ነው ተባለ። ጆሮዋ ስለሚከብድ ሐኪሙ እኔን ለብቻ ጠርቶ የኪኒኑን አወሳሰድ አስረዳኝ። ኪኒኑ ሠራላት፤ በመስቀል በእግሯ ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች ብለው ነገሩኝ። እመቤታችን ሰማችኝ ብዬ ጉዳዩን ዘጋሁት።

ፎቶ አንሺውን ያገኘሁት ንፋስ መውጫ፣ ባጃጆች ከሚቆሙበት ነው። ጎልማሳ ነው፤ ቀጭን፣ ድምፁ ዝቅ ያለ። ቦርሳዬን ተቀበለኝ፤ የመኪናውን በር ከፈተልኝ። «ይብርድዎታል፤ መስታወቱን ልዝጋው?» አለኝ። ደግ ሰው ነው ብዬ አሰብሁ። ደግ መሆኑስ ደግ ነው፤ ግን ሐዘንተኛን እንደሚይዙት ነበር የያዘኝ። ያን ጊዜ አልገባኝም።

ወደ አርብ ገበያ በሚወስደው መንገድ፣ አገሩ ድንገት ቁልቁል ከሚወርድበት አፋፍ ላይ አቆመኝ። እጆቼን ወደ ጎን ዘርግቼ ቀጥ አልሁ።

«እትዬ፣ ፖሊስ ጣቢያ አይደለንም» አለኝ። «ወደኔ አይዩ። ገደሉን ይዩ።»

ገደሉን አየሁ። ከሥር ጭጋጉ ገና አልተነሣም። ከጭጋጉ መሀል የአንዲት ቤተ ክርስቲያን ጉልላት ብቻ ብቅ ብሎ ይታያል። በልጅነቴ በዚያች ቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር እንጨቴን እያወረድሁ አርፍ ነበር። ከላይ ስትታይ ምን እንደምትመስል ግን አላውቅም ነበር። ከዚያ ወዲያ ሸንተረሩ አንዱ በአንዱ ላይ እየተደረበ እስከ በሽሎ ድረስ ይወርዳል። ቆሜ ቀረሁ። ሰውየው አንስቶ እንደጨረሰ እንኳ አላወቅሁም።

ቀጥሎ ከአንዲት ደብር በር አቆመኝና «ነጠላዎን አጣፍተው፣ በሩን ተደግፈው፣ የሚጸልዩ መስለው ይቁሙልኝ» አለኝ።

«የምጸልይ መስዬስ አልቆምም።»

«እሺ። የእውነትዎን ይጸልዩ፤ እኔ አልታይም» አለኝ።

ተሳልሜ ጸለይሁ። ስጨርስ ሰውየው ከአንድ የወይራ ዛፍ ጀርባ ወጣ። ፎቶውን በኋላ አየሁት፤ የሚታየው ጀርባዬና የነጠላዬ ጥለት ብቻ ነው። ወድጄዋለሁ።

በመንገድ ላይ አንድ ነገር ከነከነኝ። ሰዎች መኪናውን ሲያዩ በመስኮት ቀረብ ይሉና ሰላም ሳይሉት «ማን ደከመ?» ይሉታል። እሱም «ማንም አልደከመ» ይላል። አንድ ሽማግሌ ግን ዱላቸውን ተደግፈው አቆሙትና «ዛሬ ደግሞ የማንን በር ልታንኳኳ ነው?» አሉት።

«አባባ፣ ሰርግም አነሣለሁ እኮ። ሰርጉን የሚያስታውስልኝ ጠፋ እንጂ» አለ።

ምን ማለታቸው እንደሆነ ጠየቅሁት። «በሥራዬ መቀለዳቸው ነው» አለና ወሬ ለወጠ። እኔም ተውሁት።

እናቴ ደጃፍ ላይ ፀሐይ እየሞቀች ባቄላ ትለቅማለች። እኔን ስታይ ሰፌዱን አስቀምጣ ተነሣች። ተሳሳምን፤ ፊቷ በርቶ ነበር። ከትከሻዬ ኋላ ሰውየውን ካሜራውን እንዳንጠለጠለ ስታየው ግን እጇ ክንዴ ላይ ቀረ።

«አንተ ነህ?» አለችው።

«እኔ ነኝ እማማ። እንደምን ከረሙ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። እንኳን ደህና መጣህ» አለችና ወደ ቤት ገባች።

ከየት ታውቀዋለች ብዬ ገረመኝ። ብዙም ሳትቆይ ወጣች። ፊቷን ታጥባለች። ለጥምቀት ብቻ የምትለብሰውን ቀሚስ ለብሳለች፤ መስቀሏን አንገቷ ላይ አውጥታዋለች። ዱካ ላይ ተቀመጠችና እጆቿን ጉልበቷ ላይ አኖረች።

«በትልቁ ነው የምታጥበው?»

«እንዳሉኝ አድርጌ አጥባለሁ።»

«ፊቴን እንዳታጠቁረው። የወንድሜን አጥቁረኸው፣ ሰው ሁሉ ይኼ ማነው ሲል ዋለ።»

ሰውየው ወደኔ ዞር ብሎ አየኝ። እኔም ሮጬ አጠገቧ ልቀመጥ ስል እናቴ በእጇ ከለከለችኝ።

«ብቻዬን ነው የምነሣው። ካንቺ ጋር የተነሣሁት ምን ይሠራል?»

ብቻዋን አነሣት። አልሳቀችም። ሳይጨርስ የእናቴ ጎረቤት፣ የልጅነት እኩያዋ፣ ዳቦ በነጠላዋ ጠቅልላ በአጥሩ ገባች። እናቴን አቅፋ ጉንጯን ሳመችና «እግዜር ይማርሽ እቴ» አለቻት። ከዚያ እኔን በክንዴ ይዛ ወደ ጓሮ ወሰደችኝ።

«ምን አለሽ ሐኪሙ? ለኔ ንገሪኝ፤ ከአፌ አይወጣም።»

«ምኑን?»

«አታድክሚኝ ልጄ። ይህን ሰውዬ ይዘሽ መጥተሽ ምኑን ትይኛለሽ?»

ያን ጊዜ ገባኝ። በእኛ አገር ለቅሶ ሲወጣ የሟች ልብስና ዕቃ ይያዛል። አሁን አሁን ደግሞ ፎቶው በትልቁ ታጥቦ፣ መስታወት ገብቶለት፣ አልቃሽ ፊት ይያዛል። ፎቶ የሌለው ሽማግሌ ወይም አሮጊት የታመመ እንደሆነ፣ ዘመድ ሳይረፍድ ፎቶ አንሺ ይጠራል። ለሁለቱ ጋይንቶች የሚጠራው ይኸው ሰውዬ ነው። እስቴ የምኖረው እኔ አላውቅም፤ ባሕር ዳር ያለው ልጄም አያውቅም። ከኛ በቀር የማያውቅ የለም።

ወደ ደጃፍ ተመልሼ እናቴ እግር ሥር ተቀመጥሁ። ከጆሮዋ ተጠግቼ ለሽርሽር መውጣቴን፣ ልጄ ስጦታ ብሎ እንደላከልኝ፣ ሐኪሙ ጨጓራ ነው ከማለት በቀር ምንም እንዳላለኝ አንድ በአንድ ነገርኋት። ሰምታ ጨረሰች።

«እኔ ለአባትሽ እንደዚሁ ነበር ያልሁት» አለችኝ። «ትድናለህ አልሁት። የታመመ ሰው እውነቱ ይነገረዋል?»

ፎቶ አንሺው ላቡን ጠረገ። «እማማ፣ እኔ ጎብኚም አነሣለሁ።»

«እኔ ነኝ ጎብኚዋ?»

«እርስዎማ…»

«ወይስ ሙሽራ ነኝ?»

ጎረቤቷ ሳቋን በነጠላዋ አፈነች። እናቴ አልሳቀችም። ወደኔ ዞረች።

«እስቲ ማይልኝ።»

ንስሐ አባቴ ካስተማሩኝ ጀምሮ አልምልም። ወንጌሉ አዎን ካላችሁ አዎን፣ አይደለም ካላችሁ አይደለም ይሁን ይላል። እናቴ ይህን ታውቃለች፤ እንዲያውም ትኮራበታለች። ቢሆንም አፌን ከፈትሁ። ያን ቀን ለእርሷ ስል እምል ነበር። እሷ ቀደመችኝ።

«ተይው። ደግ ልጅ ለእናቷ ስትል በውሸትም ትምላለች፤ ኋላ ንስሐ ትገባበታለች።»



ፎቶ አንሺውን ወደ መኪናው ስሸኘው አንገቱን ደፍቶ «እኔም እኮ እንደዚያ መስሎኝ ነበር» አለኝ። «ልጅዎ አያቴ ታመው ነበር ሲለኝ፣ ጉብኝቱ ለሰበብ ነው ብዬ አሰብሁ። ስንት ሰው እንዲህ ያደርጋል።»

«አንተም?»

«እኔም። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

አልተቆጣሁትም። ማንም በዚያ አገር የኖረ እንደዚያ ያስባል። ስማዳ መሄዱን ትቼዋለሁ አልሁት። እሱ ግን ገበያው ሲቆም መታወቂያ የሚነሣ ሰው ስለማይጠፋ፣ አርብ ገበያ ቆይቼ እሠራለሁ፣ ከፈለጉኝ ይደውሉ አለኝ።

እናቴን በእንክብካቤ አሳምናታለሁ ብዬ አሰብሁ። ፈቃዴ ገና ብዙ ነበር። ማልጄ እነሣለሁ፣ ሽሮዋን በወጉ እሠራለሁ፣ ማታ ውኃ አሙቄ እግሯን አጥባለሁ። እሷ እግሯን ሰጥታኝ ከላይ ታየኛለች።

«እንዲህ አሳምረሽ የምታጥቢኝ ለደህና አይደለም» ትላለች።

ዕቃዋን ማደል ጀመረች። እንዝርትና ደጋኗን ለአንዷ፣ እንቁላል የምትጥል ዶሮዋን ለጎረቤቷ። ንስሐ አባቷን አስጠርታ ብቻቸውን ተቀመጡ። ሲወጡ «አባ፣ እባክዎ እርስዎ ይንገሯት» ብዬ ለመንኋቸው።

«ነገርኋት ልጄ» አሉኝ። «አባ፣ ለእርስዎም አልነገሩዎትም ማለት ነው፣ አለችኝ።»

ይህ ሁሉ ሲሆን የፈራሁት ሌላ ነበር። ኪኒኑን ተወችው። ለሚሞት ሰው ምን ያደርግለታል አለች። የጽጌን ጾም በእድሜዋ ጾማው አታውቅም ነበር፤ አሁን ያዘችው፤ ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው የምትቀምሰው። ሆዷን በእጇ ይዛ ስትቀመጥ አያታለሁ። በባዶ ሆድ መዋል እንደማይስማማት ሐኪሙ ነግሮኛል። ያልታመመችው ሴት ልትታመም ነው። ያመጣሁባት ደግሞ እኔ ነኝ፤ ከነፎቶ አንሺዬ።

በዚያ ሰሞን አንድ ከሰዓት በኋላ ጓሮ ልብሷን አሰጣለሁ። ጎረቤቷ መጥታ ደጃፍ ላይ ተቀምጠዋል። የእናቴ ጆሮ ስለሚከብድ ሁለቱ ሲያወሩ ሰፈር ይሰማል።

«ልጅሽ መቼ ትመለሳለች?»

«ወዴት?»

«ወደ ቤቷ ነዋ። ወደ እስቴ።»

«እስክትቀብረኝ ናት። የምትሞት እናቷን ጥላ የምትሄድ ልጅ ታውቂያለሽ?»

«ኧረ እኔስ አላውቅም።»

የያዝሁት ልብስ እጄ ላይ ቀረ። ያን ሁሉ ስናገር፣ ያን ሁሉ ሳጥብና ስሠራ የሰነበትሁት እኮ የፈራችውን ነገር እያጸናሁላት ነው። አጠገቧ መቆየቴ ራሱ መርዶ ሆኖባታል።

በስማም ብዬ አማተብሁና ለፎቶ አንሺው ደወልሁ።

ራት ላይ መሶቡ ፊት ተቀምጠን ነገርኋት። አልዋሸሁም፤ የዋሸሁት የለም።

«እምዬ፣ ፎቶ አንሺው ጠዋት ይመጣል። ስማዳን ልጎበኝ እሄዳለሁ። ከዚያው ወደ ቤቴ እመለሳለሁ።»

የሰማችው አልመሰላትም። «ምን ልታደርጊ?»

«ልጎበኝ።»

«እኔን ትተሽ?»

«አንቺ ምን ሆነሻል?»

ጉርሻዋን ሳህኑ ላይ መለሰችው። ለረጅም ጊዜ አየችኝ።

«ምን ልታዪ ነው የምትሄጂው?»

«ገደሉን።»

«ገደል እዚህ የለም?»

«አለ። የስማዳውን ግን አላየሁትም።»

«ገደል ለማየት» አለች ለራሷ። «እንዲያው ጨክነሽ፣ ገደል ለማየት።» ድምፁ የቁጣ ነበር። የሕፃንነቴ እናት፣ ጥጃ ላሟን አስጠብቼ ስመጣ ልትቆጣኝ በሩ ላይ የምትጠብቀኝ፣ ተመልሳ መጣች። «ስታድጊ እንዲህ አልነበርሽም። ከተማ ነው ያበላሸሽ። ፈቃድሽስ አላለቀም?»

«አላለቀም።»

«አላለቀም!» አለች።

እንባዬ እንዳይመጣ አንገቴን ደፍቼ በላሁ። የቀረኝን ፈቃድ ሁሉ እዚያው፣ እግሯ ሥር ባሳልፈው እንዴት በወደድሁ። የእናት እድሜ ለልጅ ስንት ጊዜ ይሰፈርላታል? ግን አልነገርኋትም። እሷም ከሰሞኑ ሁሉ አብልጣ በላች። እጇን ስትታጠብ፣ እያየችኝ ሳይሆን ግድግዳውን እያየች፣ «ያ ኪኒን ከመብል በፊት ነው ያልሽኝ፣ በኋላ?» አለች።

«በፊት ነው እምዬ። ጠዋት ከመብልሽ በፊት።»

«አስቀምጪልኝ እንግዲያ። ከሚበላሽብሽ።»

ጠዋት ሲነጋጋ ኪዳን አድርሼ ተመለስሁ። ኪኒኑን ከውኃ ጋር ሰጠኋት፤ ዋጠችው። ቂጣ ጋገርሁላት፤ «ጾሙን ንስሐ አባቴ ከልክለውኛል» ብላ፣ ሳልጠይቃት በላች። መኪናው ሲደርስ ጎረቤቷ አጥሩ ላይ ቆማለች።

«አንቺ ልጅ፣ እውነትም እናትሽን ጥለሽ ፎቶ ልትነሺ ነው?»

እኔ ሳልመልስ እናቴ መለሰችላት።

«ተያት። ምን ሆኜ ነው የምትጠብቀኝ? ይልቅ ያቺን ዶሮዬን መልሺልኝ።»

«ሰጥተሽኝ!»

«ለነፍሴ ብዬ ነው የሰጠሁሽ። ነፍሴ አልወጣችም።»

ፎቶ አንሺው ፊቱን ወደ መኪናው አዙሮ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁት። እናቴ ወደሱ ሄደችና የዚያን ዕለቱን ፎቶ እንዳያጠፋው አዘዘችው። ካማረ አንድ ቀን ሥራ አያጣም አለች። ከዚያ ጉልበቷን ሳምሁ። ጭንቅላቴን ይዛ መረቀችኝ፤ ምርቃቱ አጭር ነበር፤ ተቆጥታኛለችና። ለጥምቀት ስመጣ ከመካነ ኢየሱስ ገበያ ጥሩ የዘር ሽንኩርት እንዳመጣላት ነገረችኝ። ጥምቀትን ልታይ አስባለች። አምላኬን በልቤ አመሰገንሁ።

መኪናው ሲነሣ ዞሬ አላየሁም። ብዞር እወርድ ነበር።

ብዙ መንገድ ከሄድን በኋላ ፎቶ አንሺው «ከእናትዎ ጋር ሳላነሣችሁ ቀረሁ» አለኝ።

«ለሌላ ጊዜ ይሁን።»

«ደክሞዎታል። ከፈለጉ በቀጥታ ወደ እስቴ ላድርስዎ። ስማዳውን ለልጅዎ አስረዳለሁ።»

አሰብሁበት። ልቤ ለጉብኝት አልነበረም። ግን ለእናቴ ልጎበኝ ነው ብያታለሁ። አዎን ብያለሁና አዎን መሆን አለበት።

«የለም፣ ወደ ስማዳ ንዳ» አልሁት።

ፀሐዩ ጠንከር ሲል የስማዳን ከተማ ወገዳን ከማየታችን በፊት አንድ ከፍታ ላይ ደረስን። ገደሉ ከግራም ከቀኝም ይወርዳል፤ ሥሩ የሚያጭዱ ሰዎች እንደ ጉንዳን ይታያሉ። መኪናውን አቆመው። ወረድሁ፤ ነጠላዬን አስተካክዬ አፋፉ ላይ ቆምሁና ካሜራህን አውጣ አልሁት።